ሕፃን የታቀፈች ተመልካች፦ ከአደባባይ እስከ አዳራሽ

የቴአትር ታሪካችን እስከ ዛሬ የተጻፈው በአብዛኛው ከመድረኩ በኩል ሆኖ ነው። ማን ደረሰው፣ ማን አዘጋጀው፣ ማን ተጫወተው፣ መቼስ ታገደ የሚሉት ጥያቄዎች በየመጻሕፍቱና በየመጽሔቱ ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹም መልስ አግኝተዋል። ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያይ፣ ሲስቅ፣ ሲያጨበጭብ፣ አንዳንድ ጊዜም ሲያጉረመርም የኖረው ወገን ግን የራሱ ታሪክ የሌለው ያህል ተቆጥሮ ቆይቷል። ከዚህ ወገን መካከል ደግሞ ፈጽማ የተረሳችው ሕፃን ታቅፋ የመጣችው እናት ናት። በጽሑፍ ተጠቅሳ ብትገኝ አልፎ አልፎ በአዳራሽ በር ላይ በሚለጠፍ ማሳሰቢያ ነው፤ እርሱም ሕፃን ይዛ እንዳትገባ የሚያስጠነቅቅ ነው።

ጉዳዩ ጥቃቅን መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ኪነ ጥበብ ለሕዝብ ነው የሚለውን አባባል ከልቡ የሚቀበል ሰው «ሕዝቡ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ ከሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ 97ቱ የእናት ጡት ይጠባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሕፃን እስከ ስድስተኛው ወሩ ጡት ብቻ፣ ከዚያም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሌላ ምግብ ጋር እንዲጠባ ነው። እንግዲህ አራት ልጆች ወልዳ እያንዳንዳቸውን ሁለት ሁለት ዓመት ያጠባች ሴት ከወጣትነት ዕድሜዋ ስምንት ዓመቱን በማጥባት አሳልፋለች ማለት ነው። የምታጠባ ሴት ወደ አዳራሽ አትግባ ማለት ለዚህች ሴት የአንድ ምሽት ክልከላ አይደለም፤ የስምንት ዓመት ነው።

ነገሩ በሌላውም ዓለም አልተቋጨም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሜልበርን ከተማ በተካሄደው የኮሜዲ በዓል አርጅ ባርከር የተባለው ቀልደኛ የ7 ወር ሕፃን ይዛ የተቀመጠችን እናት ከመድረኩ ላይ ሆኖ ከአዳራሹ እንድትወጣ ጠየቃት። የሕፃኑ ድምፅ ቀልዱን እንዳበላሸበት ተናገረ፤ እርሷ በበኩሏ ልጇን ታጠባ እንደነበር ገለጸች። ዝግጅቱ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው ተብሎ የተነገረ ነበር። ጋዜጦችና ሰዎች ለሳምንታት ሁለት ጎራ ለይተው ተከራከሩበት። ከክርክሩ ሁሉ ጎልቶ የታየኝ ግን ሁለቱም ወገኖች «የተመልካች ሥርዓት» የሚባለውን ነገር ከጥንት ጀምሮ እንደነበረ ሕግ ማየታቸው ነው። ሥርዓቱ ግን ታሪክ አለው፤ ያውም ረጅም ያልሆነ ታሪክ።

በመጀመሪያ ከራሳችን ልማድ እንነሣ። በአገራችን በሰው ፊት ማጥባት የሚያሳፍር ነገር ሆኖ አያውቅም። እናት በገበያ መካከል፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በችሎት ደጅ ተራዋን ስትጠብቅ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢና በለቅሶ ድንኳን ልጇ ባለቀሰ ጊዜ ጡቷን ታጎርሰዋለች፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ነጠላዋን ጣል ማድረጓ አይቀርም። ሆኖም ነጠላው ብዙ ጊዜ የሚጋርደው የእናቲቱን ደረት ከወንድ ዓይን ሳይሆን የሕፃኑን ፊት ከቡዳ ዓይን ነው፤ ከፀሐይና ከምችም ጭምር። የውጭ አገር ሰው አይቶ «ዐይነ አፋርነት ነው» ቢል አይፈረድበትም፤ የእኛ ምሁር እንዲሁ ብሎ ሲጽፍ ግን ያሳዝናል። አንዱ ልማድ የሚሸፍነው ጡቱን ነው፤ ሌላው የሚሸፍነው ልጁን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኋላ ስለ አዳራሹ ለምንናገረው ሁሉ መሠረት ነው።

ጡት በቀድሞው ማኅበራዊ ሕይወታችን የነበረውን ክብር ለማስረዳት ሌላም ምሳሌ አለ። ጥበቃ የሚሻ ሰው ከኃያል ሰው ጋር ዝምድና ለመመሥረት ሲፈልግ በምስክሮች ፊት ማር የተቀባ አውራ ጣቱን ይጠባና «የጡት ልጅ» ይባል ነበር፤ ያም ሰው «የጡት አባት» ይሆነዋል። ወንዶች በመሐላ የሚተሳሰሩበት ከባድ ውል ምሳሌውን የወሰደው ከእናት ጭን ነው ማለት ነው። ጡት ማስጣሉም እንዲሁ የታወቀ ሥርዓት አለው። እናቶቻችን ሬት ቀብተው ያስጥሉ ነበር፤ በሼክስፒር «ሮሜዎና ዡልዬት» ውስጥ ያለችውም ሞግዚት ዡልዬትን በመራራ ቅጠል እንዳስጣለቻት በሰው ፊት እየሳቀች ትተርካለች። ተውኔቱን ወደ አማርኛ ያመጡት ከበደ ሚካኤል እንደሆኑ አንባቢ ያስታውሳል። እንዲህ ያለው ጨዋታ በመድረክ ላይ ሲነገር ማንም ነውር አላለውም።

ቅድመ አያቶቻችን የተመልካች ሥርዓት አልነበራቸውም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲጸልዩ፣ እንዲሰግዱ በየምዕራፉ ያዝዛል። ሕዝቡም ይቀበላል። ይህን የመሰለ ለተመልካች የሚሰጥ ቀጥተኛ መመሪያ በየትኛውም ዘመናዊ ቴአትር አይገኝም። ነገር ግን ሥርዓቱ የሚጠይቀው ተሳትፎን እንጂ ጸጥታን ብቻ አይደለም። ወንዱ ልጅ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቆ በዚያው ዕለት ስለሚቆርብ ሕፃን ከመጀመሪያው የጉባኤው አባል ነው፤ ልቅሶውም የጉባኤው ድምፅ ነው። በሴቶች በኩል ቆመው የሚያጠቡትን እናቶች «ውጡ» የሚል አልተሰማም። አዝማሪም ቤት ብንሄድ እንዲሁ ነው። «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ተመልካች የሌለበት አዝማሪ ማሲንቆውን ቢሰቅል ይሻለዋል። በሠርግ ድንኳን፣ በእስክስታ ዙሪያ፣ በሽለላና በፉከራ ቦታ ተመልካች ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ ክብ ደግሞ በር የለውም። የደከማት ከክቡ ትወጣለች፤ ልጇ ጠብቶ ሲተኛ ተመልሳ ትገባለች። ዘበኛ አያስፈልግም፤ ዝግጅቱም አይቋረጥም።

ስለ በር ከተነሣ የላሊበላዎችን ነገር ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እነዚህ ዘማሪዎች ገና ሳይነጋ በየሰዉ ደጅ ቆመው ያንጎራጉራሉ። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው የሚዞሩ ሲሆን፣ ሙያው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ የተወው እንደሆነ በቁምጥና ይመታል የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ ይከተላቸዋል። እዚህ ላይ ተመልካቹ በአልጋው ላይ ነው፤ በብርድ የቆመው ተጫዋቹ ነው። ሥርዓቱም ግልጽ ነው፦ ባለቤቱ ይሰጣል፣ ይመረቃል፤ ካልሰጠ ስሙ በግጥም ይነሣል። ይህ የመንደር ኪነ ጥበብ ትኬት የለውም፣ ወንበር የለውም፣ ልጅ ያዘለችን ሴት ከመድረክ የሚያወርድ አዘጋጅም የለውም። እናት ራሷ ተጫዋች ናትና።

ይህንም የምናነሣው በከንቱ አይደለም። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚባለው ውስጥ፣ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አካባቢ የበሽታው ተጠቂዎች ከየክፍለ ሀገሩ እየመጡ ሰፍረው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዚያው ስፍራ የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል፣ ማለትም አለርት፣ ተቋቋመ። በአጠገቡም በገድሉ ከዚህ በሽታ ጋር ስሙ የሚነሣው የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚህ ሰፈር ጎን ነው ከተማይቱ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ቆሻሻዋን መድፋት የጀመረችው። ሰዉም ከነገሩ ስም አወጣለትና «ቆሼ» አለው። ቆሻሻው እየተከመረ ተራራ አህሎ ከ30 ሄክታር በላይ ሸፈነ፤ መንደርም በዙሪያው አደገ። ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ብረት፣ ላስቲክ፣ ጠርሙስ፣ የሚበላም ነገር ሳይቀር ከክምሩ እየለቀሙ ኖሩ።

አሁን ወደ አዳራሹ እንመለስ። «አዳራሽ» የሚለው ቃል ወደ ዘመናዊው ቴአትር የገባው ባዶ እጁን አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ግቢ አዳራሽ ማለት ግብር የሚበላበት ቤት ነበር፤ በዚያም ሰው የሚቀመጠው እንደ ማዕረጉ ሲሆን፣ መኳንንቱ አስቀድመው፣ ጭፍራው በኋላ በየተራው ይገባል። አዝማሪው በመካከል ይጫወታል። ማን የት ይቀመጥ፣ ማን መቼ ይግባ የሚለው ጥያቄ ከምግቡ ይልቅ ከባድ ነበር። ዘመናዊው ቴአትር ሲመጣ ይህን ቤት ወረሰ፤ ከማዕረጉ ጋር።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜድያ «ፋቡላ» ለሕዝብ አደባባይ አልታየም። በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ውስጥ፣ በመኳንንትና በውጭ አገር ሰዎች ፊት ነው የታየው። ንግሥት ዘውዲቱ በወቀሳው ተቆጥተው አገዱት፤ ቴአትርም እስከ 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ድረስ ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ በነዮፍታሔ ንጉሤ ብዕር የተነሣው የትምህርት ቤት ቴአትርም ቢሆን ተመልካቹ በጥሪ የመጣ ሹም ነበር። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ጦርነት በደጅ ስለነበረ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ መቀስቀስ ነበረበት፤ ስለዚህ ወደ ክቡ፣ ወደ አደባባዩ ወጣ። ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው በከተማችን ዘመናዊ ኪነ ጥበብና የሕዝብ ክብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በዚህ ወቅት ነው። ግንኙነቱ የቆየው ግን ጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ሲነሣ እርሱም ቀስ በቀስ ወደ አዳራሽ ገባ።

በኅዳር 1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሕንፃ በፈረንሳዊው አንሪ ሾሜ ንድፍ ተሻሽሎ፣ ለ25ኛው የዘውድ በዓል ደርሶ፣ በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። ቀይ ወንበር፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሰገነት፣ የሚከፈት መጋረጃ፣ የሚጠፋ መብራት። ከአሁን በኋላ ተመልካች በተርታ ይቀመጣል፤ አይነሣም፤ አይናገርም፤ ሲጨርሱ ያጨበጭባል። ከፊት የተቀመጡት ወይዛዝርት ሕፃን ይዘው አልመጡም። ያልመጡት ግን የጨዋነት ሕግ ስላወቁ ሳይሆን ልጆቻቸውን የምታጠባና የምታሳድግ ሞግዚት በቤታቸው ስለነበረች ነው። ሞግዚቲቱ ደግሞ የራሷን ልጅ የት ትታ እንደመጣች የጠየቀ አልነበረም። ጸጥ ያለው አዳራሽ በሌላ ሴት ጡት ላይ የተመሠረተ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የመጣው የጡጦ ዘመን ነገሩን አላሻሻለውም፤ ጡጦ ለከተማው መካከለኛ መደብ የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎችን የሽያጭ ሥነ ሥርዓት እስኪያወጣ ድረስ ኩባንያዎች እንደፈለጋቸው ያስተዋውቁ ነበር።

መድረኩም ላይ ቢሆን ሴት ብርቅ ነበረች። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሴቶችን ወክለው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ አስናቀች ወርቁን የመሰሉት ፈር ቀዳጆች ወደ መድረክ ሲወጡ «አዝማሪ» የሚለውን ስድብ ተሸክመው ነው። በወንድ ጢም ላይ ሻሽ አስሮ እናት ሆኖ የሚያለቅስን ተዋናይ ያየ አዳራሽ እውነተኛዋን እናት ከነልጇ ማየት ቢከብደው አያስገርምም።

ለመሆኑ ይህ ጸጥታ ከወዴት መጣ? ከግሪክ አይደለም። ስለ ኤስኪለስ ሕይወት የተጻፈ አንድ ጥንታዊ ትረካ በ458 ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የቁጣ አማልክቱ መዘምራን ወደ መድረክ ሲገቡ ሕፃናት ራሳቸውን እንደሳቱ፣ ነፍሰ ጡሮች እንዳስወረዳቸው ይናገራል። ታሪኩ የተጋነነ ነው፤ ነገር ግን ተራኪው ሴቶችና ሕፃናት በተመልካች መካከል መኖራቸውን እንደ ተራ ነገር መቁጠሩ ለእኛ ጉዳይ ይበቃል። በዚያው ተከታታይ ተውኔት ውስጥ ክሊተምኔስትራ ሊገድላት ለመጣው ልጇ ያጠባችውን ጡት ገልጣ ታሳየዋለች። በሼክስፒርም ዘመን ጸጥታ አልነበረም፤ ቆመው የሚያዩት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጮኻሉ። መብራቱን አጥፍቶ ተመልካቹን በጨለማ ያስቀመጠው ልማድ የጎለመሰው ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1876 በባይሮይት ባሠራው ቴአትር ቤት ነው። በእንግሊዝም «የታቀፉ ሕፃናት አይገቡም» የሚለው ቃል በ19ኛው መቶ ዓመት የቴአትር ማስታወቂያዎች ላይ የተለመደ ሆነ፤ ይህም ቴአትር ቤቶቹ ከሠራተኛው መደብ ይልቅ የነጋዴውን ቤተሰብ ለመሳብ በሚጣጣሩበት ጊዜ ነው። የከለከሉትም ሲመጡ ስላዩአቸው ነው፤ ያልመጣ አይከለከልም።

የፈረንሳይን አብዮት ደግሞ እንመልከት። ረሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ኤሚል» እናቶች ልጆቻቸውን ራሳቸው እንዲያጠቡ አጥብቆ መከረ፤ የራሱን ልጆች ግን ለወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ የሰጠ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1793 በፓሪስ በተደረገው በሠዓሊው ዳቪድ የተቀነባበረ ታላቅ የአደባባይ ትርኢት ላይ በባስቲል ፍርስራሽ ቦታ የተፈጥሮ ሐውልት ቆመ፤ ከሁለት ጡቶቿ ውኃ ይፈልቅ ነበር። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንትና የክፍላተ ሀገሩ ልዑካን በተራ እየቀረቡ በዋንጫ ጠጡ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ያው ምክር ቤት የሴቶችን ክበባት በሙሉ ዘጋ። የጂፕሱም ጡት በአደባባይ ተከበረ፤ ባለጡቷ ግን ከአደባባይ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ስለ እናትነት የሚዘምሩ መድረኮችን ሁሉ በዚህ ሚዛን ብንመዝን ብዙ እናተርፋለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንደሠራች እናያለን። በመሐሏ፣ በጣሊያናዊው መሐንዲስ አርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃ ከነቴአትር አዳራሹ አቆመች፤ በምዕራብ ጫፏ ቆሼን ከፈተች። አንደኛው የከተማይቱ ፊት፣ ሁለተኛው ጀርባዋ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ሲለካ አጭር ነው። ከቆሼ ተነሥታ፣ በኮልፌ በኩል አልፋ፣ መርካቶ ደርሳ ወደ ፒያሳ የምትወጣ ሴት ግን ከአውቶቡሱ ዋጋና ከትኬቱ ዋጋ ሌላ ሦስተኛ ዋጋ አለባት፤ እርሱም ልጇን የሚይዝላት ሰው ማግኘት ነው። ይህ ዋጋ በየትኛውም የቴአትር ቤት መዝገብ ላይ ተጽፎ አያውቅም።

አብዮቱ ይህን ርቀት ለማጥበብ ሞክሯል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ በየቀበሌውም የኪነት ቡድኖች በቀሉ። መድረኩ የቀበሌው አዳራሽ፣ የፋብሪካው ቅጥር ግቢ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሆነ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የብሬኽትን «እናት ኩራዥ» በ«እናት ዓለም ጠኑ» አማርኛ አለበሰው፤ በጦርነት መካከል ጋሪ እየጎተተች የምትነግድ፣ ልጆቿንም አንድ በአንድ የምታጣ እናት በመድረካችን ቆመች። ብሬኽት ራሱ ተመልካቹ ሲጃራ እያጨሰ፣ እያሰበ፣ ዘና ብሎ እንዲያይለት የሚመኝ ሰው እንደነበረ ስናስታውስ በፍጹም ጸጥታና በጨለማ ተውኔቱን ማየታችን ትንሽ ያስቃል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ከቴአትር ቤቶች ሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። እናቶች ልጅ አዝለውና እያጠቡ ፊደል ቆጠሩ። አስተማሪው «ልጁ ዝም ይበል» ቢል ክፍሉ ባዶ ይቀርበት ነበር፤ ስለዚህ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ትምህርቱን ደገመ፣ ጠበቀ። በዚያን ዘመን ያስተማሩ መምህራን ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ጥቂት አይደሉም፤ እነርሱ ይመሰክሩ።

ሁሉ መልካም ነበር ማለት ግን አይደለም። በቀበሌ አዳራሽ የተቀመጠችው እናት ብዙ ጊዜ በፈቃዷ የመጣች ተመልካች ሳትሆን ተጠርታ፣ ስሟ ተመዝግቦ የመጣች ናት። ከስብሰባው በኋላ የሚቀርበው ኪነት የንግግሩ ማጣፈጫ ነበር። ከነልጇ መግባት መብቷ ነበር፤ መውጣት ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ የዚያን ዘመን የተመልካች ብዛት እየቆጠሩ ኪነ ጥበብ ወደ ሰፊው ሕዝብ ደረሰ የሚሉ ጽሑፎችን በጥንቃቄ ማንበብ ያሻል። በአዳራሽ መገኘትና ተመልካች መሆን አንድ አይደሉም።

ለሚያጠቡ እናቶች በእርግጥ በሩን የከፈተው ሬዲዮ ነው። የሬዲዮ ድራማ ቡናዋን እየቆላች፣ ልጇን እያጠባች፣ ጎረቤቷን ጠርታ የምትሰማው ቴአትር ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በአገሪቱ ዙሪያ ያገኘው አድማጭ በየትኛውም አዳራሽ ሊገባ የሚችል አይደለም። የሬዲዮ ተዋናይ በአድማጩ ቤት ሕፃን ማልቀሱን አያውቅም፤ አድማጯም ይቅርታ አትጠይቅም። ይሁን እንጂ ሬዲዮው ያላት ቦታ ቤቷን ብቻ ነው። በአንድ ጣራ ሥር ከማታውቀው ሰው ጋር አብሮ የመሳቅን ነገር ሬዲዮ ሊሰጣት አልቻለም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የቆሼ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹም ሴቶቹ ከወንዶቹ ይበዙ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በዚያ ሳምንት አገሩ ሁሉ ቆሼን በቴሌቪዥን ተመለከተ። እናቶች ደረታቸውን ሲደቁ፣ ፎቶግራፍ ይዘው ሲቆሙ፣ በለቅሶው ድንኳን መካከል ሌላውን ልጅ ሲያጠቡ ታዩ። ለቅሶ በአገራችን የራሱ ሙሾ አውራጅ፣ የራሱ ተቀባይ፣ የራሱ ሥርዓት ያለው ትልቅ የአደባባይ ክንዋኔ ነው፤ የሚያለቅስ ሕፃን የያዘችን ሴት ከለቅሶ ቦታ ውጪ የሚል ሰው ነውረኛ ይባላል። ከ50 ዓመታት በላይ በከተማይቱ ጀርባ የኖሩትን ሴቶች ከተማይቱ በትኩረት ያየቻቸው በዚህ መድረክ ነው። በሌሎቹ መድረኮች ፊት ተቀምጠው ሊያዩ በመጡ ጊዜ ምን እንደተባሉ ግን የተጻፈ የለም።

የተዋናዮችን ወገን ሳልሰማ ልፍረድ አልልም። በትራጄዲ የመጨረሻ ገቢር ላይ፣ አንድ ቃል ሙሉ ምሽቱን በሚሸከምበት ሰዓት፣ የሕፃን ጩኸት ተዋናዩን ከሚገባበት ዓለም ጎትቶ እንደሚያወጣው መድረክ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ተመልካችም የመስማት መብት አለው። የድምፅ ማጉያው ለሕፃኑ ጆሮ እንደሚከብድም መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ልብ ብለን ካየን አዳራሾቻችንን በብዛት የሚያውከው የሚያጠባ ሕፃን አይደለም፤ የሚጠባ ሕፃን ዝም ይላል። የሚያውከው የኪስ ስልክ፣ ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወንበር እየረገጠ የሚገባ ባለሥልጣን፣ በአሳዛኙ ትዕይንት ላይ የሚስቅ ጎረምሳ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ማሳሰቢያ እንጂ ክልከላ አልተጻፈባቸውም።

ተዋናይቱም እናት ናት። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ዕረፍት ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ ከማድረጉም በላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃኖቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማዋያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። የመንግሥት ቴአትር ቤቶችም መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሠራተኛዋ እንጂ ትኬት ቆርጣ ስለምትገባው ሴት ባለመሆኑ ከመጋረጃው ኋላ ያለችው እናት በሕግ ቦታ ሲኖራት፣ ከመጋረጃው ፊት ያለችው ከዘበኛ ጋር ትነጋገራለች።

መፍትሔውን ሩቅ መፈለግ አያሻም። በብሪታንያ በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ቴአትር ቤቶች መብራቱ ፈጽሞ የማይጠፋባቸው፣ ተመልካች እንደልቡ የሚወጣባቸውና የሚገባባቸው ልዩ ዝግጅቶች ማሳየት ጀምረዋል። እኛ ይህን ከውጭ ብንቀዳው የራሳችንን ክብ መልሰን መቅዳታችን ነው። በወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቆሼና ከመሰሎቿ ሰፈሮች ለሚመጡት አውቶቡስ ሳይጠፋ፣ በሩ ክፍት ሆኖ የሚታይ አንድ ኮሜዲ፤ በሌላውም ቀን ቢሆን በበሩ አጠገብ ካሉት ወንበሮች አንድ ተርታ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ የትኬት ቆራጩና የዘበኛው መመሪያ ቢለወጥ ይበቃል።